የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አርባ ዓመት አልፎታል፤ የሲ ለምን እምቢ አለ?

ዓይን ቢጫ ሲሆን በአገራችን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ስሙ አምስት ሊሆን ይችላል። ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ በፊደል ተራ ስለተጠሩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ እንጂ በዘር አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ጉበት ብቻ ነው። ኤ እና ኢ በአብዛኛው በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባሉ፤ ቢ፣ ሲ እና ዲ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋሉ። ስለዚህ «የጉበት ክትባት ተከትቤያለሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተከተበው ለቢ ነው። ዲ የቢን ልባስ ተውሶ የሚኖር ጥገኛ በመሆኑ የቢ ክትባት እሱንም ያስቀራል። ለሲ ግን ዛሬም በዓለም ላይ የተፈቀደ ክትባት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 254 ሚሊዮን ሰው ከቢ ጋር፣ 50 ሚሊዮን ደግሞ ከሲ ጋር ይኖር ነበር። በዚያው ዓመት ቫይረሶቹ 1.3 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል፤ አብዛኛው የሞተው በጉበት ጠባሳና በጉበት ካንሰር ነው።

የቢ ክትባት እንዴት እንደተሠራ ካልታወቀ የሲ ችግር አይገባም። አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ በ1960ዎቹ «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ብሎ የሰየመው ነገር የኋላ ኋላ የቢ ቫይረስ የላይኛው ልባስ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው። በሽተኛው ደም ውስጥ ሙሉ ቫይረስ ብቻ ሳይሆን ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ከዚያው ልባስ የተሠሩ ጥቃቅን እንክብሎችን በገፍ ይለቃል። ሙሉው ቫይረስ 42 ናኖሜትር ሲሆን ባዶዎቹ 22 አካባቢ ናቸው። ባዶው እንክብል አያሳምምም፤ ሰውነት ግን ቫይረሱን የሚያውቀው በዚያው ልባስ ነው። የመጀመሪያው ክትባት የተሠራው እነዚህን ባዶ እንክብሎች ከተያዙ ሰዎች ደም አጣርቶ፣ በፔፕሲን፣ በዩሪያና በፎርማልዲሃይድ አጥቦ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1981 ተፈቀደ። ሠርቷል፤ ነገር ግን የክትባቱ ጥሬ ዕቃ የበሽተኛ ደም መሆኑ፣ በዚያ ላይ ኤድስ በታወቀበት ዘመን፣ ማንንም ያስጨንቅ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከእርሾ ነው፤ ዳቦ የሚያነሣው፣ ጠጅም የሚያፈላው ያው የእርሾ ዝርያ። የልባሱን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል ፕላዝሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ይቀጠልና እርሾው ውስጥ ይገባል። እርሾው በትልቅ ጋን ሲባዛ የራሱን ፕሮቲን እንደሚሠራ ሁሉ ይህንንም ይሠራል። ከዚያ ሕዋሶቹ ይፈጩና ፕሮቲኑ ይጣራል፤ ፕሮቲኑም እየተያያዘ ወደ 22 ናኖሜትር እንክብልነት ይመጣል። በመጨረሻ የአሉሚኒየም ጨው ላይ ይለጠፋል። ጨው ሲባል የወጥ ጨው አይደለም፤ አድጁቫንት የሚባለው አጋዥ ነው። ፕሮቲኑን መርፌው በገባበት ቦታ ያቆየዋል፣ የመከላከያ ሕዋሶችንም ይቀሰቅሳል። ይህ ዓይነቱ ክትባት በ1986 ተፈቀደ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠው የአዋቂ መጠን 20 ማይክሮግራም፣ የሕፃናቱ 10 ማይክሮግራም ፕሮቲን ነው፤ አዋቂ በ0፣ በ1ኛውና በ6ኛው ወር ይወስደዋል።

ውጤቱን ታይዋን አሳይታለች። ከ1984 ጀምሮ ጨቅላዎችን መከተብ ስትጀምር ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 በሆኑ ልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር ከመቶ ሺህ 0.70 ወደ 0.36 ወረደ። ካንሰርን የሚከላከል ክትባት መኖሩ በተግባር የታየው በዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ክትባት ካለ አዲስ መፈለጉ ለምን አስፈለገ? ክትባቱ የሚሸነፍባቸው ቦታዎች ስላሉ ነው። ከነዚህ ገሚሶቹ አዲስ ሳይንስ አይሹም።

አንደኛው ብርድ ነው። ሰው ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ ይመስለዋል። የቢ ክትባትና ቢን የያዘው፣ በአንድ መርፌ አምስት በሽታ የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ፔንታቫለንት ግን ከሙቀት ይልቅ በረዶ ይገድላቸዋል። ፈሳሹ በረዶ ሲሆን የአሉሚኒየሙ ቅንጣቶች ተጣብቀው ይጓጉላሉ፤ ሲቀልጥም ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ተጠርጣሪ ብልቃጥ ሲያጋጥም የሚደረገው የማወዛወዝ ሙከራ ቀላል ነው። ከዚያው የምርት ቁጥር አንድ ብልቃጥ ይወሰድና ሆን ተብሎ ድንጋይ እስኪሆን በረዶ ይደረጋል፤ ከዚያ ይቀልጣል። እሱና ተጠርጣሪው አንድ ላይ ተይዘው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይወዛወዛሉ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሆን ተብሎ የቀዘቀዘው በደቂቃዎች ውስጥ ከላይ እየጠራ ከታች እንደ አተላ ይቀመጣል። ተጠርጣሪው እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ እንደ ደፈረሰ ከቆየ ደኅና ነው፤ እኩል ከዘቀጠ ይጣላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ የተገኘ ብልቃጥ ግን ሙከራም አያስፈልገው፣ በቀጥታ ይወገዳል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አዋቂ ሆኖ በቢ የተያዘ ሰው ከመቶ ወደ 95ቱ በራሱ ያጸዳዋል። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተያዘ ጨቅላ ግን ከመቶ 90 የሚሆነው ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። የጨቅላው መከላከያ ቫይረሱን እንደ ባዕድ ገና ስለማያየው ነው። ኢትዮጵያ ፔንታቫለንትን በ2007 ጀምራ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ትሰጣለች። ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ስድስተኛው ሳምንት ሲደርስ በወሊድ የተያዘው ሕፃን ቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ የመጀመሪያው መርፌ ከተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ቤት ለሚወለድ ልጅ ደግሞ ይህን ማድረስ ከላቦራቶሪው ሥራ የከበደ ነው። በእኔ ግምት ከአዳዲሶቹ ቀመሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚያድነው ይህ አንድ መርፌ ነው።

ሦስተኛው መልስ የማይሰጥ ሰውነት ነው። ከጤነኛ አዋቂዎች ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ሦስቱን መርፌ ወስደው ጥበቃ አያዳብሩም። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ስኳር፣ የኩላሊት እጥበት እና ኤችአይቪ ቁጥሩን ያባብሱታል። የመርፌው ቦታም ያጠፋል፦ በትከሻ ጡንቻ መወጋት ሲገባው ቂጥ ላይ ከተወጋ መድኃኒቱ ስብ ውስጥ ይቀርና መልሱ ይደክማል። የጥበቃ መለኪያው በደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት መድረሱ ነው። የሚለካው ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዓመታት በኋላ ተለክቶ ዝቅ ቢል ክትባቱ ከሽፏል ማለት አይደለም፤ በጤነኛ ሰው የመከላከያው ትዝታ ይቆያል። የጤና ባለሙያ ከሆኑ ለዚህ ምርመራ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ሰዎችን ይመለከታል። ለቪዛ በሚደረገው ምርመራ የሚፈለገው ያው የልባስ ፕሮቲን ነው፤ ክትባቱም ያው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በተከተቡ በቀናት ውስጥ ደም የሰጡ ሰዎች ሳይያዙ «ፖዘቲቭ» ሊወጣባቸው ይችላል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ተኩል ድረስ የታየበት አለ። ምርመራው ይቅደም፤ ክትባቱ ይከተል። ካልሆነም በመካከላቸው አንድ ወር ይለፍ።

መልስ ለማይሰጠው ሰውነት ሁለት መንገድ ተሞክሯል። አንዱ ፕሮቲኑን ሳይነካ አጋዡን መቀየር ነው። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሄፕሊሳቭ ቢ ያው 20 ማይክሮግራም የእርሾ ፕሮቲን አለው፤ በአሉሚኒየም ፋንታ ግን 3000 ማይክሮግራም ሲፒጂ የሚባል ሰው ሠራሽ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ተጨምሮበታል። የባክቴሪያ ዲኤንኤ ስለሚመስል የመከላከያ ሕዋሶች ውስጥ ያለው ቲኤልአር 9 የተባለ ጠቋሚ «ጠላት ገባ» ብሎ ይነሣል። መርፌው ሁለት ብቻ ነው፣ በአንድ ወር ልዩነት። በትልቁ ሙከራ የተጠበቁት 95 ከመቶ ሲሆኑ በሦስት መርፌው የቀድሞ ክትባት 81 ከመቶ ነበሩ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ባለባቸው ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፦ 90 በ65። ቀድሞ ተከትበው መልስ ባልሰጡ፣ ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ በ2024 መጨረሻ በወጣው ጥናት ሁለት መርፌ 93 ከመቶ፣ ሦስት መርፌ 99 ከመቶ ጠብቋል።

ሌላው መንገድ ፕሮቲኑን ማብዛት ነው። እርሾ የሚሠራው ዋናውን ልባስ ብቻ ነው፤ እውነተኛው ቫይረስ ግን በላዩ ላይ ቅድመ ኤስ 1 እና ቅድመ ኤስ 2 የሚባሉ ተቀጥላዎች አሉት። ቫይረሱ የጉበት ሕዋስን በር የሚይዘው በቅድመ ኤስ 1 ነው፤ የበሩ ስም ኤንቲሲፒ መሆኑ የታወቀውም በ2012 ቤይጂንግ ውስጥ ነው። ሦስቱን አጣምሮ በአጥቢ እንስሳ ሕዋስ የሚሠራ ክትባት እስራኤል ውስጥ ከ2000 ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቶ በ2021 አሜሪካ ውስጥም ተፈቀደ። አምራቹ ግን በ2024 ከሰረ። ሳይንሱ አልከሸፈም፤ ገበያው ነው ያልቆመለት። በክትባት ታሪክ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የኢን ጉዳይ ባጭሩ እንለፈው። ክትባቱ አለ። በባክቴሪያ ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ሲሆን ቻይና በ2011 ፈቅዳለች፤ ከ112 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ሦስቱን መርፌ በጨረሱት ላይ በቀጣዮቹ 12 ወራት አንድም ሕመምተኛ አልታየም። ኢ በእርግዝና መጨረሻ ላይ ያለችን እናት የሚገድል በሽታ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መካከል፣ በ2014ም በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች ተቀስቅሷል። ለወረርሽኝ ማቆሚያ በመጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2022 በደቡብ ሱዳኗ ቤንቲዩ ነው፤ ከተፈቀደ ከአሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሦስት መርፌ በስድስት ወር ውስጥ መውሰድ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚል ስደተኛ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ሲ። ቫይረሱ በ1989 ተለየ፤ ለዚያ ሥራ ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 ኖቤል ተሸልመዋል። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሠርቶበት ክትባት አልተገኘም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም።

ቢ ልባሱን እምብዛም አይለውጥም። ሲ ግን የዘር መልእክቱን ሲገለብጥ የሚያርመው የለም። መልእክቱ ወደ 9600 ፊደል ያህላል፤ በአንድ በሽተኛ አካል ውስጥ በቀን አንድ ትሪሊዮን ያህል ቫይረስ ይመረታል። አንድ ፊደል ብቻ በመለወጥ ሊገኝ የሚችለው ልዩነት ሁሉ በየቀኑ እዚያው አንድ ሰው ውስጥ ይፈጠራል ማለት ነው። ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ እስኪጨርስ ቫይረሱ መልኩን ቀይሮ ያልፋል። በዓለም ላይ ስምንት ዋና ዋና ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው የመልእክት ልዩነት 30 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ የሚበዛው ዝርያ 1 ነው፤ በግብፅና በኢትዮጵያ ግን 4።

ልባሱም ራሱ ተንኮለኛ ነው። ኢ 1 እና ኢ 2 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ተጣምረው ይቆማሉ (ከሄፓታይተስ ኢ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ፊደሉ ነው የገጠመው)። በኢ 2 ጫፍ ላይ ሁሌም የሚለዋወጥ ቁራጭ አለ፤ ሰውነት በዚያ ላይ ሲተኩስ ቁራጩ ይቀየራል፣ ጥይቱም ይባክናል። የማይለዋወጠው፣ ቫይረሱ የጉበት ሕዋስ ላይ ሲዲ 81 የተባለውን ፕሮቲን የሚይዝበት ቦታ፣ በስኳር ሰንሰለቶች ተሸፍኗል። በዚያ ላይ ቫይረሱ በደም ውስጥ ሲዘዋወር ከስብ እንክብሎች ጋር ተለጥፎ ስለሚሄድ ቅባት ይመስላል።

ይህን አይተው አንዳንድ ተመራማሪዎች «ልባሱን እንተወው፣ ውስጡን እንምታ» አሉ። የቫይረሱ የውስጥ ፕሮቲኖች ያን ያህል አይለዋወጡም፤ በእነሱ ላይ ቲ ሴል የተባሉ ገዳይ ሕዋሶችን ማሠልጠን ይቻላል። ከተያዙት ውስጥ ከመቶ ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ያለ መድኃኒት የሚያጸዱትም በአብዛኛው በጠንካራ ቲ ሴል ነው። ሐሳቡ በ2012 በባልቲሞር፣ በሳን ፍራንሲስኮና በአልበከርኪ መሞከር ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ 548 ሰዎች ነበሩ። ግማሹ በመጀመሪያው ቀን የ1ቢን (የዝርያ 1 ንዑስ ክፍል ነው) የውስጥ ፕሮቲኖች የተሸከመ የቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ፣ በ56ኛው ቀን ያንኑ የተሸከመ ኤምቪኤ የተባለ የተዳከመ የፈንጣጣ ቤተሰብ ቫይረስ ተወጋ። ሌላው ግማሽ ባዶ መርፌ።

ከተከተቡት 78 ከመቶው ቲ ሴል አዳበረ። ከተያዙት ላይም የቫይረሱ ከፍተኛ መጠን በእጅጉ ወረደ፦ ባዶ መርፌ በወሰዱት በሚሊ ሊትር 1.8 ሚሊዮን ዩኒት ሲሆን በተከተቡት ወደ 150 ሺህ። ዋናው ጥያቄ ግን በሽታው ጸንቶ ቀረባቸው ወይ የሚለው ነበር። ጸንቶ የቀረባቸው ከተከተቡት 14፣ ካልተከተቡትም 14። በ2021 የወጣው ውጤት ይህ ነው።

ቁጥሩ ሲታይ ፍጹም ውድቀት ነው፤ የቫይረሱ መጠን ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ቲ ሴሎቹ ቫይረሱን አግኝተውታል፣ ደብድበውታልም፤ አልጨረሱትም። ቲ ሴል የሚሠራው ሕዋሱ ከተያዘ በኋላ ነው፤ በር ላይ የሚቆም ፀረ እንግዳ አካል አልነበረም። ክትባቱ ደግሞ በ1ቢ የተቀረጸ ነው፤ እነዚያ ሰዎች በብዛት የሚያገኙት 1ኤ እና 3 ነው። በዚህ ሙከራ ተስፋ የቆረጡ አሉ፤ እኔ ግን ከተሳካላቸው ብዙ ትናንሽ ጥናቶች ይልቅ ያስተማረው ይህ ይመስለኛል። ቀጣዩ ክትባት ሁለቱንም ይፈልጋል፦ በር ላይ ዘብ፣ ቤት ውስጥ ጠራጊ።

ዘቡን ለመሥራት የልባሱን ትክክለኛ ቅርጽ ማወቅ ግድ ነበር። ኢ 1 እና ኢ 2 ከሽፋኑ ሲነቀሉ ስለሚፈርሱ ለዓመታት አልተቻለም፤ በ2022 ናሙናን እጅግ አቀዝቅዞ በሚያይ ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጥምረታቸው ታየ። አሁን ሥራው ተለዋዋጩን ቁራጭ መቁረጥ፣ ሁለቱን እንዳይላቀቁ ማሰር፣ ቅርጹን በናኖ ቅንጣት ላይ ደርድሮ ወይም በኤምአርኤንኤ ልኮ ለሰውነት ማሳየት ነው።

የት ይሞከራል የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው። ከሰው ሌላ ሲ በወጉ የሚይዘው ቺምፓንዚን ነው፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ደግሞ በ2015 የቺምፓንዚ ምርምርን ዘግቷል። ስለዚህ ጤነኛ ፈቃደኞችን ከትቦ፣ ሆን ብሎ በሲ አስይዞ፣ ማን እንደሚያጸዳ መከታተል ይቻል እንደሆን እየተመከረበት ነው። ለሌላ ጊዜ ቢሆን እብደት ይባል ነበር። ዛሬ የሚያስደፍረው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ኪኒን ከመቶ 95 በላይ መዳኑ ነው። «ኪኒኑ ካዳነ ክትባቱ ለምን?» ቢባል፣ የዳነ ሰው በማግስቱ ደግሞ ሊያዝ ይችላል፤ ኪኒኑ ትዝታ አይተውም።

የቀረው ቀድሞ በቢ ለተያዘ ሰው የሚሆን ፈዋሽ ክትባት ነው። የተለመደው ክትባት ለእሱ ምንም አይፈይድለትም። በደሙ ውስጥ የልባሱ ፕሮቲን ከቫይረሱ በሺዎች እጥፍ በልጦ ዓመታት ስለቆየ ቲ ሴሎቹ ዝለዋል፤ ያንኑ ፕሮቲን 20 ማይክሮግራም መጨመር ወንዝ ላይ ውኃ መድፋት ነው። አዲሶቹ ሙከራዎች ቅደም ተከተል ይከተላሉ። መጀመሪያ የፕሮቲኑን ምርት በመድኃኒት ማውረድ፣ ከዚያ በአንድ ተሸካሚ ቫይረስ ወይም በፕሮቲን መቀስቀስ፣ በመጨረሻ በኤምቪኤ ማጠናከር። ኦክስፎርድ ውስጥ የተጀመረው ቪቲፒ 300 እና ከሙኒክ የሚመራው፣ ታንዛኒያም ያለችበት ቴርቫክ ቢ በዚህ መንገድ የተቀረጹ ናቸው። ኩባ ደግሞ በአፍንጫ የሚሰጥ ሄበርናስቫክን በ2015 መዝግባለች። እስካሁን በግልጽ የታየው የመነሻ የፕሮቲን መጠናቸው ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ላይ የተሻለ መሥራቱ ነው።

አደጋም አለው። ቲ ሴል ቫይረሱን የሚያጠፋው የተያዘውን የጉበት ሕዋስ በመግደል ጭምር ነው፤ የጉበት ኢንዛይሞች በድንገት ሊያሻቅቡ ይችላሉ። ጠባሳ የያዘ ጉበት ያላቸው ሰዎች በእነዚህ ሙከራዎች እምብዛም የማይገቡት ለዚህ ነው። የቢን ቫይረስ የሚያፍነውን ቴኖፎቪር የተባለ ኪኒን የሚወስድ ሰውም «ፈዋሽ ክትባት እየመጣ ነው» ብሎ ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፤ ቫይረሱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያገረሽና ጉበቱን በአንድ ጊዜ ሊጥለው ይችላል።